ሳልቀምስ የሰጠሁሽ ነገር የለም

ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ
ዓርብ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮማንወርቅ ጉግሳ፤ ሱሉልታ

የኔ እመቤት፣ ሮማንዬ፣

ጽሕፈቱ የኔ አይደለም ብለሽ አትደንግጪ። የምትጽፈው የሺሐረግ ናት፤ ያቺ አብራኝ የምትኖረው፣ በስልክ "ሯጯ" እያለች የምትቀልድብሽ። በቀደም ሽንኩርት ሳቁላላ ዘይት ቀኝ እጄ ላይ ፈነጠቀብኝና ጣቶቼን በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ትንሽ ነገር ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከላይ "ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ" ብላ ልትጀምር ስትል ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ጤናሽን በአንድ መስመር ጠይቄ የማልፈው ነገር አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱው ነው።

ደብዳቤውን ሲራክ ይወስደዋል። አየር መንገድ ቢሮ የሚሠራው ረጅሙ ልጅ ነው፤ አምና ጫማሽን ያመጣልሽ። ዕረፍት ወጥቶ ዛሬ ማታ ይበራል፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እቃውን እቀበላለሁ ብሏል። ስለዚህ እየቸኮልኩ ነው። መቀመጥም አልሆነልኝም፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተንጎራደድኩ ነው የማስጽፈው። የሺ "ወይ ተቀመጪ ወይ ዝም በዪ፣ አዞርሽኝ እኮ" አለችኝ። ይሄንንም ጽፋዋለች መሰለኝ።

በስልክ ብነግርሽ ይሻል ነበር። ግን ከጥምቀት ወዲህ አታነሺም። የድምፅ መልእክት ስልክልሽ ሳትሰሚው ትተዪዋለሽ። በየሺ ስልክ ብሞክር የግብፅ ቁጥር መሆኑን አይተሽ ዘጋሽው። እሺ፣ ወረቀት ግን አይዘጋም። ተናደሽ ብትወረውሪውም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገርሽ፣ የቀረውን ባታነቢው እንኳ። ሲራክ በሰጠሽ ፌስታል ውስጥ ኪኒኑ የለም። አልላኩልሽም፣ ወደፊትም አልልክልሽም። ከዱባይ የምትመጣ ልጅ ታመጣልኛለች ያልሽውን ደግሞ፣ ካመጣች ከእጇ እንዳትቀበዪ። ተቀብለሽ ከሆነ እንዳትውጪ። ውጠሽም ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚና ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ምን እንደዋጥሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ነገሩ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ምክንያቱ ነው።

አሁን ተናደሻል። "አንቺ ስለ ሩጫ ምን ታውቂያለሽ፣ ማጣሪያው እኮ ከፋሲካ በኋላ ነው" ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ስለ ሩጫ አላውቅም። ስለ ኪኒኑ ግን አውቃለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ከቻልሽ ምሳ ከበላሽ በኋላ አንብቢ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። ተረከዝሽ ታሞ፣ ክረምቱን ተኝተሽ፣ ወደ ካምፕ ስትመለሺ አሰልጣኙ ሚዛን ላይ አቁሞ በጓደኞችሽ ፊት "ይሄ ምንድነው?" ያለሽ ጊዜ። አልቅሰሽ ደወልሽልኝ። ካይሮ ጂም ቤቶች ውስጥ ስብ የሚያቀልጥ ቢጫ ኪኒን አለ አሉ፣ ግዢልኝ አልሽኝ። ጥቂት ተነጋገርንና "እማዬ፣ እንዳንቺ እንዳልሆን ፈራሁ" አልሽ። እኔ ሳቅኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ስቄ አሳለፍኩት እንጂ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነው የከረመው። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ከፍቶኛል።

ከፍቶኝም ሄድኩልሽ። ሞሃንዲሲን ድረስ በማይክሮባስ ተጋፍቼ፣ ምድር ቤት ያለ አንድ ጂም ገባሁ። ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል ጎረምሳ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ሳልጠይቀው "ላንቺ ነው?" አለኝ። "ለልጄ ነው" አልኩት። "ልጅሽስ እንዳንቺ ናት?" አለ። ያንቺው ቃል ከሱ አፍ ወጣ። "ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እየቀለድኩ ነው" ብሎ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ አወጣልኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው "ምድጃሽን ያቀጣጥልልሻል" አለኝ። እዚህ ላይ አልዋሸም።

ብልቃጡን ይዤ ቤት ገባሁ። በማግስቱ የሚበር ሰው ነበር፣ ልልክልሽ እችል ነበር። ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔ ሳልቀምስ የሰጠሁሽ ነገር የለም። ገና ስትድሂ የጀመርሽውን አጥሚት በከንፈሬ ሳልለካ ወደ አፍሽ አላስጠጋሁም። ለኩፍኝሽ የመጣውን ሽሮፕ እንኳ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀምሼዋለሁ። ያደግኩት እንዲህ ነው፤ አባቴ ቤት ጠላ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ ጠጥቶ፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚያቀርብ። የሚገድል ነገር ቢኖርበት አስቀድሞ ሰጪውን ይግደል ነው ነገሩ። እኔም ቢጫውን ኪኒን ቀመስኩት።

አንዴ ቀምሼ ማቆም ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ምንም አላደረገኝም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ግን ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፋ። ሜትሮ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ፊቷን አላጠቆረችብኝም። የሺ "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የሟሸሸው?" ስትለኝ "ጾም ነው" አልኳት፤ የገና ጾም ስለነበረ ማንም አልጠረጠረኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ መስታወት ፊት ቆሜ ዞር ዞር አልኩ። ለልጄ ነው የምቀምሰው እያልኩ ለራሴ ዋጥኩት።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። የካይሮን ብርድ አታውቂውም። ውጪ ፀሐይ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሲሚንቶው ብርዱን ይዞት ይውላል፣ ሰው ካፖርት ለብሶ ነው ራት የሚበላ። እኔ በዚያ ብርድ መስኮት በርግጄ፣ እግሬን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬ መቀመጥ ጀመርኩ። ላቤ ከአንሶላው አልፎ ፍራሹ ገባ። ላቡም ቢጫ ነው፤ ትራሴ እርድ የፈሰሰበት መሰለ። አላርፍ አልኩ፤ ብቀመጥ እነሣለሁ፣ ብነሣ እቀመጣለሁ፣ ልቤ ሳልሮጥ ይሮጣል። የሺ "ጠበል እንሂድ" አለችኝ።

ቆይ። ደረጃው ላይ ሰው ሰማሁ፣ ሲራክ መሰለኝ። የሺ፣ እስቲ ተመልከቺልኝ። አይደለም አለች፣ አሮጌ እቃ የሚገዛው ሰውዬ ነው፣ "ሮባቢክያ" እያለ የሚጮኸው። እንቀጥል።

ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ። የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። የጋዝ ሲሊንደር፣ እዚህ አምቡባ ይሉታል፣ ሻጩ ከታች በመፍቻ እየቀጠቀጠ ሲመጣ ወርጄ ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ። የሺ ቀጭን ናት፤ ባዶ እጇን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ታለከልካለች። እኔ ሲሊንደሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እያወራሁ እወጣለሁ። በራቸውን ከፍተው "ማሻአላህ" የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ወፍራም ነኝ፣ ግን ደክሞኝ አያውቅም፤ በዚህ ዓለም የምኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ጉልበቴና አንቺ ናችሁ። ያን ዕለት ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሬ ከዳኝ። ሲሊንደሩን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሼ አይበቃኝም፣ ገላዬ ይነድዳል። ቀልያለሁ፣ ግን መውጣት አቃተኝ። ሮማን፣ ይቺን አረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢያት።

በማግስቱ እንደምንም ሥራ ገባሁ። የምሠራላቸውን ዶክተር ሳሚያን ነግሬሻለሁ፤ ሄሊዮፖሊስ የሚኖሩት፣ አሁን ከወንበር የማይነሡት አሮጊት። በጊዜያቸው ዩኒቨርሲቲ ስለ ጡንቻ ያስተምሩ ነበር። አፋቸው በርበሬ ነው። ገና የተቀጠርኩ ሰሞን አሳንሰር ተበላሽቶ አዝያቸው ስወርድ ጀርባዬ ላይ ሆነው "አንቺ ወፍራም ነሽ፣ ግን አትደክሚም፤ ደስ ትያለሽ" ያሉኝ ናቸው። ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ቀን ከአልጋ ወደ ወንበር ላነሣቸው ጎንበስ ስል ላቤ ፊታቸው ላይ ጠብ አለ። እጄን ያዙ። መዳፌን ገልብጠው አዩት፣ ቢጫ ነው።

"ምንድነው የምትውጪው?" አሉኝ።

"ቪታሚን ነው፣ ዱክቱራ።"

"ውሸታም። አውጪው።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የጠበቅኩት ስድብ ነበር። ሴትዮዋ ግን አንዱን ፍሬ ከፍተው ዱቄቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፣ ልጃቸውን ጠርተው "መኪናውን አውጣ፣ አሁን" አሉት። ይሄ ቀለም ፋብሪካ የሚገባ፣ ፈንጂ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ሰው ሆድ የሚገባ አይደለም እያሉ በመስኮት ሲጮሁብኝ ነው መኪናው የተነሣው።

ሐኪም ቤት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ብብቴ ስር ከተቱልኝ፣ እርጥብ አንሶላ አለበሱኝ። ወጣቱ ሐኪም "ማርከሻ የለውም፣ እኛ ማድረግ የምንችለው ማቀዝቀዝና መጠበቅ ነው" አለኝ። ከውስጥ ተቀቅለው የሞቱ ወጣቶች አይቷል፤ ሲነግረኝ ዓይኑን ከኔ ሸሸ አደረገ። ገናን እዚያ አልጋ ላይ ዋልኩ። ደውለሽ "ኪኒኑስ?" ስትይኝ፣ "ሥራ ላይ ነኝ፣ ገና አልተገኘም" ያልኩሽ ከዚያ ሆኜ ነው። እንድትደነግጪ አልፈለግኩም። አሁን ሳስበው መደንገጥ ነበረብሽ። ስወጣም ሐኪሙ "ልብሽን ተከታተዪ፤ ዓይንሽንም። ይሄ ነገር ካለፈ በኋላ ቆይቶ የዓይን ሞራ የሚያመጣበት ጊዜ አለ" ብሎ ሸኘኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልቤም ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። የሺ እዚህ ጋ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ብርድ ይዟት ይሆናል።

ድኜ ስመለስ ዶክተር ሳሚያ አላባረሩኝም። ፊታቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ፤ በአረብኛ፣ ሳይገባኝ ሲቀር በእጃቸው። በጡንቻችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ የበላነውን በምንተነፍሰው አየር እያነደዱ ጉልበት የሚያወጡልን እነሱ ናቸው። "ምድጃ ናቸው በሉኛ" አልኳቸው። "ምድጃ በያቸው፣ ምን ከፋኝ" አሉ።

እንግዲህ ምድጃ ሁሉ አንድ አይደለም። አክስትሽ ቤት የነበረውን የቆርቆሮ ምድጃ ታስታውሺያለሽ፤ ከሰሉን ሁሉ ይበላል፣ ግማሹ ሙቀት የሚወጣው ለቤቱ ነው። ላቀች ምድጃ የገዛች ጊዜ ግን በእፍኝ ከሰል ሽሮውም ምስሩም በሰለ። ሰውም እንዲያ ነው አሉኝ። የአንዳንዱ ምድጃ አባካኝ ነው፤ የበላው በሙቀት መልክ ይወጣል፣ ቶሎ አይወፍርም፣ ግን ለትንሽ ሥራ ብዙ ማገዶ፣ ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል። የአንዳንዱ ደግሞ ላቀች ነው። በትንሹ ብዙ ይሠራል። ሲያስሮጡት አይደክምም። ችግሩ ሲቀመጥ ነው፤ ድስት ሳይጣድ ከሰል ቢመጣለት ማባከን አያውቅበትም፣ ጥግ ይዞ ያከማቸዋል። ያ ክምችት ነው ስብ የሚባለው። የሚያስሮጥሽና የሚያወፍርሽ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ሮማንዬ። "ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት" ብለው ጣታቸውን አነሡብኝ፤ ውፍረት ምግብም ነው፣ እንቅልፍም፣ መቀመጥም፤ ተመራማሪዎቹም ገና ተከራክረው አልጨረሱም። እሺ አልኳቸው።

ኪኒኑስ? ኪኒኑ ምድጃውን ይበሳዋል። ከሰሉ ይነድዳል፣ ቤቱ ይጋያል፣ ድስቱ ግን አይፈላም። እኔ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው። አንቺም ብትውጪው ሚዛኑ ላይ ትቀልያለሽ፤ አሰልጣኝሽ ደስ ይለዋል። ከዚያ መሮጫው ላይ ስትቆሚ እግርሽን ትፈልጊዋለሽ፣ አታገኚውም። ከነሕይወትሽ ከቆምሽ ማለቴ ነው።

ስለ ተረከዝሽም ጠየቅኳቸው። ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ምድጃዎቹ ያንሳሉ፣ ሥራ ሲመለስለት ይበዛሉ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ምግብም ይፈልጋል አሉኝ። እየራባት የምትሮጥ ልጅ ምድጃዋን አትሠራም፤ ታፈርሳለች። አሰልጣኝሽን ተጣዪው አልልሽም። ሚዛን ላይ ውጪ ሲልሽ ግን "ጋሼ፣ ክብደቴን ትተው ሰዓቴን ይያዙልኝ" በዪው። የሚሮጠው ሰዓት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። ዘንድሮ ማጣሪያው ቢያመልጥሽም ያምልጥሽ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላሉ፤ ያንቺ ድስት ገና አልተጣደም።

አሁን ደግሞ የምትስቂበትን ልንገርሽ። አባትሽ ጉግሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወታደር ቤት አንድ ጊዜ ሮጦ ሁለተኛ በመውጣቱ ዕድሜውን ሙሉ "ሩጫው ከኔ፣ ዳሌው ካንቺ" እያለ አቃጥሎኛል። ዘመዶቹም እንዲያ ነበር የሚሉ። ዶክተር ሳሚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? እነዚያ ምድጃዎች የራሳቸው ዘር አላቸው፣ ያ ዘር ደግሞ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። አባት የለበትም። "ሌላው ሌላው ግን ከሁለቱም ነው" ሊሉኝ ጀምረው ነበር፤ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ወንበራቸውን እየገፋሁ እስከ በረንዳው ሳቅኩ። በኋላ ደግሞ ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሁሉንም ባንዴ።

"እንዳንቺ እንዳልሆን ፈራሁ" አልሽኝ። ምን ይደረግ ልጄ፣ እንደኔ ነሽ። ጎጃም በረንዳ ሸቀጥ ተሸክሜ ያሳደግኩሽ በዚህ ገላ ነው። ዶክተር ሳሚያን የሚያነሣው፣ አምስት ፎቅ የሚወጣው፣ በዓርብ ዕረፍቴ ወጥ ቀምሶ የሚወፍረውም ይሄው ነው። አንቺ አቀበት ላይ ሌሎቹ ሲቀሩ የምትቀጥዪበት ነገር ከዚህ ነው የመጣው። የሰጠሁሽን አትናቂብኝ። እኔን መናቅ ትችያለሽ፣ ምንም አይደል፤ እሱን ግን አትብሺው።

ሰዓቱ ሄደ መሰለኝ፣ የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰው ሲመለስ ይሰማኛል። ነገ ረመዳን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከፎቅ ፎቅ ገመድ ዘርግቶ ፋኖስ ሰቅሏል። ዘንድሮ ግን ፋኖሶቹ ጭጋግ የለበሱ ናቸው፣ በዙሪያቸው ቀለበት ቀለበት ይታየኛል። የሺ ደማቅ ናቸው ትላለች። ይሄ የካይሮ አቧራ ነው። በቀደምም ሜትሮ ውስጥ የጣቢያውን ስም ሳላነብ የኛን አልፌ፣ መዓዲንም አልፌ ሄድኩ፤ ሐሳብ ነው፣ ያንቺ ሐሳብ።

ፌስታሉ ውስጥ ሐላዋ አለ፣ የሰሊጥ ነው፣ ይጾማል፤ ጠዋት ሳትሮጪ በፊት ብዪው። ቴምርም አለ። ዐቢይ ጾም ገባ ብለሽ ባዶ ሆድሽን ተራራ እንዳትወጪ፤ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እሳቸውም ይሄንኑ ነው የሚሉሽ። አንድ ማሊያም አለ፣ ብርቱካንማ፣ ዓይን የሚወጋ። የሺ "ይሄማ የመንገድ ሠራተኛ ልብስ ነው" ብላ ስቃብኛለች። ይሁን። ስትሮጪ እሱን ልበሺ። በስልክ ቪዲዮ ሲልኩልን ከሌሎቹ መሀል ቶሎ እንድለይሽ ነው፣ ስክሪኗ ትንሽ ናት።

ስትደውዪ፣ ትደውያለሽ ብዬ ነው፣ መጀመሪያ የበላሽውን ንገሪኝ። ይቅርታ አያስፈልግም። ሰላምታውም ይቆይ። "እማዬ፣ ዛሬ ይሄን በላሁ" በዪኝ፣ የቀረው ይገባኛል።

ያቀበትሽን ንፋስ ያብርድልሽ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ሆድሽን ከክፉ እጅ ይጠብቅልኝ። የሚወድሽ ይክበብሽ፣ የሚመዝንሽ ይራቅሽ። ከኔ የወረስሽውን እስከ ልጅ ልጅሽ ያድርሰው።

በጣም የምትወድሽ እናትሽ
አስናቀች

ፊርማው ጠማማ የሆነው በግራ እጄ ስለፈረምኩ ነው።

*

ሮማንዬ፣ ይቺን የምጽፈው እኔው የሺሐረግ ነኝ። ሲራክ መጥቷል፣ እሷ በሩን ልትከፍትለት ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ሄዳለች። የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። እጇን ዘይት አልነካውም። የፈረመችው በቀኝ እጇ ነው፤ መስመሩ የት ጋ እንዳለ ጣቷን ይዤ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ደውዪላት።